ከዋሻና ከተተወ የማዕድን ጉድጓድ የሌሊት ወፍ መያዝ፦ ሥራው ደጃፉ ላይ ነው

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ከአንድ የተፈጥሮ ዋሻና ሥራ ካቆመ አንድ የማዕድን ጉድጓድ የሌሊት ወፎችን ይዞ ዝርያቸውን መለየት፣ ለዲኤንኤ ምርመራም ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ጠያቂዋ ወፎቹ ቀን ቀን ተሰቅለው ስለሚያርፉ ገብቶ በእጅ መረብ መልቀሙ አይቀልም ወይ ይላሉ፤ ከየቦታው ስንት እንደሚበቃና ምን መሣሪያ እንደሚያስፈልግም ጠይቀዋል።

አጭሩ መልሴ አይግቡ ነው። ሲመሽ፣ ደጃፉ ላይ፣ ምግብ ፍለጋ ሲወጡ ይያዙ። ወደ ውስጥ መግባት ደጃፉ ላይ ሊመለስ ያልቻለ ጥያቄ ሲኖር ብቻ፣ ያውም ለአጭር ጊዜና በጥቂት ሰው የሚደረግ ነገር ነው። ምክንያቱ ከገባዎት የቀረውን አብዛኛውን ነገር ቦታው ላይ ራስዎ መወሰን ስለሚችሉ ከእሱ ልጀምር።

ዋሻ ውስጥ በእጅ መረብ የሚደረግ የመጀመሪያ ምት አራት አምስት ይይዛል። ከዚያ በኋላ መንጋው በሙሉ ይነሳል። ጠባብ ቦታ ላይ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ግድግዳ ይመታሉ፣ የመረቡ የብረት ቀለበት ደግሞ ስስ የክንፍ አጥንት ይሰብራል። የመውለጃ ወቅት ከሆነ እናቶቹ በድንጋጤ ሲበሩ ግልገሎች ይወድቃሉ፤ ኩስ በተከመረበት ወለል ላይ ሥጋ በል የጥንዚዛ እጮች፣ ጉንዳንና እባብ ስለሚጠብቁ የወደቀ ግልገል አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ረብሻው ከተደጋገመ መንጋው ቦታውን ጥሎ ይሄዳል፤ ያኔ ጥናቱም አብሮ ያበቃል።

ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች ጉዳቱ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ የሌሊት ወፎች ቀዝቃዛዎቹን ወራት ሰውነታቸውን አቀዝቅዘው፣ ደንዝዘው ያሳልፋሉ። በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው ትንሿ ቡናማ የሌሊት ወፍ፣ ማዮቲስ ሉሲፉገስ፣ አንድ ጊዜ ለመንቃት ብቻ 0.1 ግራም ገደማ ስብ ታቃጥላለች። ይህ ደንዝዛ ብትቆይ ሁለት ወር ያህል የሚያኖራት ስንቅ ነው። የአንድ ሰው መብራትና ትንፋሽ በቂ መቀስቀሻ ስለሆነ፣ በእጅ ያልተነካችውም ወፍ ከወራት በኋላ በረሃብ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ በድንዛዜ ወራት ለስብስብ ተብሎ አይገባም።

ሌላው መታወቅ ያለበት አዝጋሚ የሆነው አረባባቸው ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች በዓመት አንድ ግልገል ብቻ ይወልዳሉ፤ በምትኩ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። በሳይቤሪያ ቀለበት ተደርጎላት የነበረች አንዲት ማዮቲስ ብራንቲ ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት ተይዛለች። አይጥ የጎደለባትን በአንድ ወቅት ትተካለች፤ የሌሊት ወፍ መንጋ ግን አሥር አዋቂ ሴቶችን ካጣ ለመተካት ዓመታት ይፈጅበታል።

ለሳይንሱም ቢሆን ደጃፍ ይሻላል። ውስጥ ገብቶ የሚለቅም ሰው የሚያገኘው ዝቅ ብለው የተሰቀሉትን ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ የተወሸቁትና ጣሪያው ጫፍ ላይ ያሉት ያመልጡታል። ደጃፍ ላይ ግን ሁሉም ያልፋል።

አሁን ወደ አሠራሩ። ከመያዝዎ በፊት ቢያንስ ሁለት ምሽት ያለ ምንም ወጥመድ ደጃፉን ይከታተሉ። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ከመግቢያው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ወፎቹ ከሰማዩ ጋር ሲነጻጸሩ በሚታዩበት ማዕዘን ይቀመጡ። ነጭ መብራት አያብሩ፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ወይም የኢንፍራሬድ ካሜራ ይበቃል። የሚወጡትንና የሚመለሱትን ለየብቻ በየ5 ደቂቃው ይመዝግቡ። በሁለተኛው ምሽት መጨረሻ የመጀመሪያዋ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ ፍሰቱ መቼ እንደሚበረታ፣ በየትኛው ጎን፣ በምን ያህል ከፍታ እንደሚያልፉና መንጋው በግምት ስንት እንደሆነ ያውቃሉ። የማዕድን ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መውጫ አለው፤ ዋናው በር ላይ ጥቂት አይተው ውስጡ ጭር ያለ ነው ከማለትዎ በፊት ዙሪያውን ይፈልጉ። ስስ ክር እንጨት ላይ አስረው ስንጥቅ አጠገብ ቢይዙት፣ የአየሩ ፍሰት ሌላ ቀዳዳ መኖሩን ይነግርዎታል።

ኩሱንም ይመልከቱ። ደርቆ በጣት ሲፈረክሱት የሚብለጨለጭ የነፍሳት ቅርፊት ያለበት ከሆነ ነፍሳት በሎች አሉ፤ እርጥብ፣ የተረጨና የፍራፍሬ ዘር ያለበት ከሆነ ፍራፍሬ በሎች ናቸው። ንጹሕ ፕላስቲክ አንጥፈው የሚሰበስቡት ትኩስ ኩስ ለዲኤንኤ ይሆናል። ጥያቄዎ የትኛው ዝርያ አለ ወይም ምን ይበላሉ የሚል ብቻ ከሆነ፣ ከድምፅ መቅጃ ጋር ተዳምሮ ምንም ሳይያዝ ሊመለስ ይችላል። ይህን መንገድ አስቀድመው ሳይፈትሹ ወጥመድ አይግዙ።

መያዝ ካስፈለገ ዋናው መሣሪያ የበገና ወጥመድ ነው። ዴኒ ኮንስታንታይን እ.ኤ.አ. በ1958 አስተዋወቀው፤ መርሊን ተትል በ1974 ባለ ሁለት ፍሬም አድርጎ አሻሻለው። ሁለት የአሉሚኒየም ፍሬሞች ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ትይዩ ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን በ2.5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከላይ ወደ ታች ይወጠራል። ወፏ በመጀመሪያው ረድፍ መሐል ሰውነቷን አጋድማ ታልፋለች፣ ሁለተኛው ያስቆማታል፤ በሁለቱ መካከል ተንሸራታ ከሥር ወደተንጠለጠለው የሸራ ከረጢት ትወርዳለች። ከከረጢቱ አፍ ወደ ውስጥ የፕላስቲክ ሽፋን ተንጠልጥሏል። ፕላስቲኩ ስለሚያንሸራትታት ወደ ላይ መውጣት አትችልም፤ ከሽፋኑ ሥር ሸራውን ቆንጥጣ ተሸሽጋ ትቆያለች። መረብ ላይ የሚታየው መጠላለፍ እዚህ የለም፤ ከዚህም የተነሣ ወፏ ብዙም ሳትጨነቅ ትያዛለች።

ነገሩን የሚወስነው የክሩ ውጥረት ነው። በጣም ከጠበቀ ወፏ ነጥራ ትመለሳለች፤ በጣም ከላላ ክሩን ገፍታ ታልፋለች ወይም ክንፏ ይጠመጠምበታል። ላላ አድርገው ይነሱና እያለፉ ሲሄዱ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። ናይለን በእርጥበት ስለሚለጠጥ አመሻሹ ላይ ልክ የነበረው ወጥመድ ጤዛ ሲወርድ ይላላል፤ የዋሻ አፍ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሌሊቱን በሙሉ መያዝ የነበረበት ወጥመድ ሌሊቱ ሲገፋ ባዶ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። የተበጠሰ ክር ሳይጠገን ከቀረ ወፎቹ ያቺን ክፍተት ወዲያው ስለሚያገኟት መለዋወጫ ክር ቆርጠው ይያዙ። የከረጢቱ ታች ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው ዝናብ ያጠራቅምና ያሰምጣል።

ወጥመዱ የት እንደሚቆም ሲያስቡ መንጋው ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ሜትር ተኩል ወርድ ያለው አግድም የማዕድን መግቢያ ላይ ጥቂት ደርዘን ወፎች የሚወጡ ከሆነ፣ መንገዱን ይዝጉበት፤ በጎንና በጎን የቀረውን ክፍተት በቅጠላም ቅርንጫፍ ይሙሉት። ከጥቂት መቶ በላይ ከሆነ ግን ፍሰቱ መሐል ፈጽሞ አይትከሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ከረጢቱ ይሞላና ከላይ ያሉት ከታች ያሉትን አፍነው ይገድላሉ። የስብስብ ሥራ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ወፍ የሚሞተው አንድም በዚህ ነው። ትልቅ መንጋ ባለበት ወጥመዱን ከአፉ ወጣ አድርገው በበረራው ጠርዝ ላይ ያቁሙት፤ ወይም ፍሰቱ ካለፈ በኋላ ይትከሉት። አንድ ሰው ሁልጊዜ አጠገቡ ይሁን፤ ከረጢቱ ውስጥ ሃያ ያህል ሲገቡ ወጥመዱን ከመንገድ ያውጡ። ትተውት ከሄዱ እባብ፣ ድመት መሰል አውሬና ጉንዳን ከረጢቱን ያገኙታል። ሐሰተኛ ቫምፓየር የሚባሉት ትልልቅ ሥጋ በል የሌሊት ወፎች ደግሞ አብረዋቸው የገቡትን ትንንሾች ስለሚበሉ እነሱን ወዲያው ይለዩ።

ሁለተኛው መሣሪያ ሚስት ኔት የሚባለው ስስ መረብ ነው። ለነፍሳት በሎች ዓይኑ ሲወጠር ከ36 እስከ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ባለ አራት ደርብ፣ 2.6 ሜትር ገደማ ቁመትና 6 ሜትር ርዝመት ያለው ለደጃፍ ሥራ ይበቃል። ረጅሙ መረብ ብዙ ይይዛል፤ ችግሩም እሱ ነው። ደርቦቹ ላላ ብለው ኪስ መሥራት አለባቸው፤ ከተወጠረ ወፏ ትነጥራለች። ነፋስ ካወዛወዘው ያዩታል፤ ሙሉ ጨረቃ ሲሆንም ይሸሻሉ። ፈረስ ጫማ አፍንጫ ያላቸው ራይኖሎፈሶች ስስ መረብን በድምፃቸው በቀላሉ ስለሚለዩ፣ በመረብ ብቻ የተሠራ ዝርዝር እነሱን ጥቂት አስመስሎ ያሳያል። እንዲህ ዓይነት ወፍ የበዛበት ዋሻ ላይ የበገና ወጥመድ ግድ ነው። ትልቅ መንጋ ያለበት ደጃፍ ላይ ሚስት ኔት አይወጠርም። በአንድ ደቂቃ መቶ ቢገባበት በጊዜ ፈትቶ የሚጨርስ ሰው የለም። መረብ በተወጠረበት ቦታ ሁሉ ሰው ይቆማል፤ ሌላ አማራጭ የለውም።

ከመረብ ማውጣት ብዙ ጀማሪ የሚደናገርበት ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። መጀመሪያ በየትኛው ጎን እንደገባች ይለዩ፤ የምትወጣው በገባችበት ነውና። ኪሱን በሁለት ጣት ከፍተው ሆዷ በሚታይበት በኩል ይምጡ። መዳፍዎን ጀርባዋ ላይ አድርገው ክንፎቿን በሰውነቷ ላይ ሰብስበው ይያዙ። ከእግሯ ይጀምሩ፤ በጥፍሯ ክሩን ጨብጣ ስለምትይዝ እግሯ ሳይለቅ ሌላውን ቢፈቱ መልሳ ትጨብጠዋለች። ቀጥሎ የጭራዋ ሽፋን፣ ከዚያ አንዱ ክንፍ፣ ሌላው ክንፍ፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላት። ክሩ አውራ ጣቷ ላይ ከተጠመጠመ ጫፉ ድፍን የሆነ ትንሽ የክሮሼ መርፌ ያነሣዋል። የምትነክሰውን ነገር ከፈለገች የጓንትዎን ጫፍ ይስጧት፤ እሱን ስትይዝ አንገቷ ይላላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ታግለው ካልወጣች ክሩን በትንሽ መቀስ ይቁረጡ። መረብ ይጠገናል። የተጎተተ ክንፍ ግን ቆዳው ላይ ባይታወቅም መገጣጠሚያው ሊወልቅ ስለሚችል በጉልበት አይሳብ።

የወጣችዋ በስስ ጥጥ ከረጢት፣ ለብቻዋ፣ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ውስጥ ትገባለች። ከረጢቱን ገልብጠው ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ያድርጉ፤ የተንጠለጠለ ክር ጥፍሯ ላይ ይጠመጠማል። ከረጢቶቹ ነፋስና ጉንዳን በማይደርስበት ገመድ ላይ ይንጠለጠሉ፤ መሬት አይቀመጡ፣ ይረገጣሉ። ከተያዘች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብትለቀቅ ይመረጣል፤ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። እርጉዝና የምታጠባ ቅድሚያ ታገኛለች፤ ክብደት እንኳ ሳይወሰድ ልትለቀቅ ትችላለች። በመጀመሪያው ምሽት ሆዳቸው የገፋ ወይም ግልገል ደረታቸው ላይ የያዙ ሴቶች ከበዙ ወጥመዱን ያጥፉና ከሁለት ወር በኋላ ይመለሱ።

መለኪያው አጭር ነው። የክንድ ርዝመት ክንፉ ታጥፎ ከክርን እስከ አንጓ በካሊፐር እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ ሦስት ጊዜ ለክተው መካከለኛውን ይውሰዱ። ክብደት በ50 ግራም የስፕሪንግ ሚዛን ከከረጢቷ ጋር ተመዝኖ የከረጢቷ ይቀነሳል፤ ከረጢቷ በሽንት ስለምትከብድ ባዶዋን በየጊዜው ይመዝኑ። ዕድሜ ለመለየት ክንፉን ዘርግተው ከኋላ መብራት ያብሩ። ያልበሰለች ወፍ የጣት መገጣጠሚያዋ ላይ ነጣ ያለ የልምአጥንት ሰቅ ያሳያል፤ የአዋቂዋ ክብና ድፍን እብጠት ነው። ጡቷ ዙሪያው ፀጉር የሌለው ከሆነ አጥብታለች። ራይኖሎፈስና ዘመዱ በሆነው ሂፖሲደረስ ላይ ግን ከእምብርት በታች ሌላ ጥንድ ጡት መሰል ነገር ያገኛሉ። እሱ ግልገሏ ነክሳ የምትንጠለጠልበት እንጂ ወተት የሚሰጥ አይደለም፤ ደረቷ ላይ ያለውን ይመልከቱ።

ለዲኤንኤ ባለ 3 ሚሊ ሜትር የባዮፕሲ መብሻ፣ ማለትም ትንሽ ክብ ቁራጭ ቆዳ የሚቆርጥ ስለት፣ ይበቃል። ክንፉን ንጹሕ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ዘርግተው፣ በሰውነቷና በአምስተኛው ጣት መካከል ካለው ሰፊ ሽፋን ላይ፣ የደም ሥር የሌለበትን ስፍራ መርጠው ይብሱ። ከየክንፉ አንዳንድ ይወሰዳል፤ ቀዳዳው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደፈናል። ለእያንዳንዷ አዲስ መብሻ ይጠቀሙ። ናሙናው በ95 በመቶ ኢታኖል ወይም እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ ይቀመጣል። ሲለቋት ድምጿን ይቅረጹ፤ የታወቀ ዝርያ ቅጂ ለቀጣዩ የድምፅ ጥናት ትልቅ ሀብት ነው። እጅ ላይ ቀዝቅዛ መብረር ካቃታት መዳፍ ውስጥ ሞቅ አድርገው፣ ጥቂት ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ በጠብታ ሰጥተው ከፍ ያለ ግንድ ላይ ያስቀምጧት። ወደ ላይ አይወርውሯት።

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ ቁጥሩ የሚመጣው ከጥያቄው ነው። የየቦታውን መንጋዎች ዘረ መል ለማነጻጸር ከየቦታውና ከየዝርያው ከሃያ እስከ ሠላሳ የክንፍ ናሙና ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ለዚህ አንዲትም አትሞትም። ሙሉ አካል ለሙዚየም የሚወሰደው ዝርያው በእጅ ሊለይ ሳይችል ሲቀር ወይም ከቦታው ምንም ማረጋገጫ ናሙና ሳይኖር ነው፤ ያኔም ጥቂት፣ ቢቻል አዋቂ ወንዶች ይበቃሉ። የማጥባት ወይም የእርግዝና ምልክት ያላት ሴት አትወሰድም። የምትገደለው አይሶፍሉሬን በተባለ በትንፋሽ የሚሳብ ማደንዘዣ ነው፦ በእሱ የተነከረ ጥጥ ወፏን በማይነካበት ሁኔታ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ መተንፈስ ካቆመች በኋላም ለብዙ ደቂቃ ይቆያል። ደረት ጨምቆ መግደል የቆየ ልማድ ነው፣ ሊቀር ይገባል። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ በቅድሚያ ጉበትና ጡንቻ ወደ ኢታኖል ይገባሉ። ቀጥሎ ሆዷ በትንሹ ተሰንጥቆ፣ ጥርሷ እንዲታይ አፏ በጥጥ ተከፍቶ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ትገባለች፤ ይህም ከገበያው ፎርማሊን 1 እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር ማለት ነው። ፈሳሹ ከናሙናው አሥር እጥፍ ይሁን፤ ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቀው ያስገቧቸው ከመሐል ይበሰብሳሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በውኃ ታጥባ ወደ 70 በመቶ ኢታኖል ትሸጋገራለች። መለያው ከኋላ እግሯ ጋር ይታሰራል፤ በእርሳስ ይጻፋል። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል፤ ቦታና ቀን የሌላት ናሙና ደግሞ በከንቱ የሞተች ናት።

ፈቃዱን ከዚህ ሁሉ በፊት ይጨርሱ። የዱር እንስሳት ባለሥልጣን፣ የቦታው ባለቤት ወይም የማዕድኑ ባለ ይዞታ፣ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሁሉም ያስፈልጋሉ። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ የዘረ መል ሀብት አጠቃቀምንና የጥቅም ክፍፍልን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮልም ይነካዎታል።

ስለ በሽታ። ማንም የሌሊት ወፍ የሚነካ ሰው አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን 0 እና በቀን 7 ሁለት ክትባት ነው። ከተነከሱ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፣ የተከተቡም ቢሆኑ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በአፍሪካ የሌሊት ወፎች ላይ የሚገኘው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ዘመድ የሆነው የሌጎስ ባት ቫይረስ በክትባቱ በደንብ ስለማይመከት ክትባት ወስጃለሁ ብሎ በባዶ እጅ መያዝ አይገባም። ትንንሾቹን ስስ የቆዳ ጓንት ላይ የናይትራይል ጓንት ደርበው ይያዙ።

የግብፅ የፍራፍሬ የሌሊት ወፍ፣ ሩሴተስ ኢጅፕሺያከስ፣ ካገኙ ያቁሙ። ይህ የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚ ነው፤ በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ በመቶ ሺህ እየሆነ ይሰፍራል። በኮንጎ ዱርባ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከወርቅ ማዕድን ሠራተኞች በተነሣው ወረርሽኝ ከ154 ሕሙማን 128ቱ ሞተዋል፤ በ2007 በኡጋንዳ ኪታካ ማዕድን ሠራተኞች ታመዋል፤ በ2008 እዚያው ኡጋንዳ ፓይተን ዋሻን የጎበኘች ሆላንዳዊት ሞታለች። ኪታካ ላይ ወፎቹን ማጥፋት መፍትሔ አልሆነም፤ በ2012 በዚያው አካባቢ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ከተመለሰው ጥቂት መንጋ ውስጥ በቫይረሱ የተያዘው ድርሻ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህን ዝርያ መያዝ ሙሉ መከላከያ ልብስ፣ አየር የሚያጣራ ጭምብልና የሠለጠነ ቡድን ይጠይቃል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ብቻውን የሚሞክረው አይደለም።

የኩስ ብናኝ ደግሞ ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስ ይይዛል። ደረቅ ኩስ ባለበት ፊት ላይ በልክ የተገጠመ ኤን95 ጭምብል ከታች የሌለው ወሰን ነው፤ ፒ3 ማጣሪያ ያለው የግማሽ ፊት ጭምብል ይሻላል። ከገቡ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ትኩሳትና ሳል ከያዘዎት ዋሻ እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ካልተነገረው በሳንባ ነቀርሳ ሊጠረጥረው ይችላል።

በሽታ ከእኛም ወደ እነሱ ይሄዳል። ነጭ አፍንጫ የተባለው የፈንገስ በሽታ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ዮርክ ግዛት ባለ ዋሻ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ ሚሊዮኖችን ገድሏል። ፈንገሱ በጫማና በገመድ ይጓጓዛል። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት ጭቃውን አራግፈው፣ ሊነከር የሚችለውን ሁሉ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይንከሩ። ለዋሻውና ለማዕድኑ የተለያየ ከረጢትና መረብ ቢኖርዎት ደግሞ ጥሩ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ወፍ አይንካ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መግባት የግድ ቢሆን፣ ዋሻና ማዕድን አንድ አይደሉም። ዋሻ ለሺህ ዓመታት ቆሞ የኖረ ነው፤ የማዕድን ጉድጓድ ግን ሰው ቆፍሮ በእንጨት ደግፎ የሄደው ነው፣ እንጨቱም በስብሷል። መሬት የሚመስለው ወለል በቁልቁል ጉድጓድ ላይ የተረበረበ ሣንቃና የላዩ ፍርስራሽ ሊሆን ይችላል። ኩሬ የሚመስለው ውኃ ጥልቀቱ አይታወቅም። ላብ ያወጣ የሚመስል አሮጌ ዲናሚት ካዩ ሳይነኩ በመጡበት ይመለሱ፤ የወጣው ናይትሮግሊሰሪን በትንሽ ንዝረት ይፈነዳል። ቁልቁል በተቆፈረ ጉድጓድ ማንም የሌሊት ወፍ አጥኚ አይውረድ።

አየሩ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። የሚበሰብስ እንጨትና የሚዝግ የሰልፋይድ ማዕድን ኦክሲጅኑን ይበላሉ። የአራት ጋዝ መለኪያ ይዘው ይግቡ፦ ኦክሲጅን ከ19.5 በመቶ ሲወርድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 35 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 35 እጅ)፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 10 ፒፒኤም ሲደርስ፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ከዝቅተኛው የመፈንዳት ወሰን 10 በመቶው ላይ ሲደርስ ውጡ ማለት ነው። ይህ መሣሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለማይለካ ለዚያ የተለየ ዳሳሽ ያስፈልጋል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል። መለኪያውን በገመድ አስቀድመው ዝቅ ያድርጉት። የከባቢ አየር ግፊት በሚወርድበት ቀን የውስጡ መጥፎ አየር ወደ ውጭ ይሳባል፤ ትናንት ደህና የነበረ መግቢያ ዛሬ ሊገድል ይችላል። በክብሪት መሞከር አይገባም። ትልቅ መንጋ ባለበት ደግሞ አሞኒያ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ እንባ ካመጣብዎት መቆያዎ አልቋል።

ቢያንስ ሦስት ሰው ይሁኑ፤ አንዱ ውጭ ይቅር፤ የመመለሻ ሰዓቱ ካለፈ ራሱ ሳይገባ የነፍስ አድን ቡድን ይጥራ። እያንዳንዱ ሄልሜትና ሦስት የተለያዩ መብራቶች ይያዝ። ቆይታው ከሃያ ደቂቃ አይብለጥ፤ ሥራውም ፎቶ ማንሣት፣ የመንጋውን ስፋት መገመት፣ ለየብቻቸው ከተሰቀሉት አንድ ሁለት መያዝ ብቻ ይሁን።

ከመያዙ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው በመጀመሪያው ምሽት በተቀመጡበት ቦታ እንደገና ይቁጠሩ። በግልጽ ከቀነሰ በዚያ ወቅት አይመለሱበት። ቦታውን ሲያትሙ ትክክለኛውን መጋጠሚያ ለሙዚየሙ ይስጡ፤ ለአንባቢ ግን በጥቂት ኪሎ ሜትር አደብዝዘው ያቅርቡ። የማዕድኑ መግቢያ ለደኅንነት ሊዘጋ የታሰበ ከሆነ የእርስዎን ቆጠራ ለባለ ይዞታው ማድረስ አስቸኳይ ነው። በድንጋይ ከተደፈነ መንጋው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ባላቸው አግድም ብረቶች በር ቢዘጋ ግን ብዙ ዝርያዎች ያልፉበታል፣ ሰውም አይገባበትም። በጣም ትልልቅ መንጋዎችና አንዳንድ ዝርያዎች እንዲህ ያለውን በር ስለማይቀበሉት፣ ብረቱ ከመበየዱ በፊት ለጥቂት ምሽቶች በፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ ጊዜያዊ በር አቁመው ሲወጡ ምን እንደሚያደርጉ ይመልከቱ።